ከአስዋን እስከ አዲስ አበባ፦ የኧርነስት ካሰል ገንዘብና የምኒልክ ባንክ

የአገራችን የባንክ ታሪክ ሲነገር አጀማመሩ ብዙ ጊዜ በሁለት ዓረፍተ ነገር ይታለፋል። ዐፄ ምኒልክ ከግብፅ ብሔራዊ ባንክ ጋር ተዋውለው የአቢሲንያ ባንክን አቋቋሙ፤ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ደግሞ ገዝተው የኢትዮጵያ ባንክ አሰኙት ይባልና ተናጋሪው ወደ ሌላ ጉዳይ ይሻገራል። በሒሳብ መዝገብ ፊት የሚውል ሰው ግን ስለ አንድ ተቋም ሲሰማ አስቀድሞ የሚጠይቀው ገንዘቡ የማን እንደ ሆነ ነው። የግብፅ ብሔራዊ ባንክ ራሱ የማን ነበር? ይህን ለማወቅ የፈለገ ሰው መንገዱ በካይሮ አልፎ ለንደን ያደርሰዋል። እዚያም በጀርመን አገር ኮሎኝ ከተማ ከአይሁድ ቤተሰብ የተወለደ፥ በእንግሊዝ አገር በምስጢር ካቶሊክ የሆነ፥ የንጉሥ ኤድዋርድ 7ኛ የቅርብ ወዳጅና የገንዘብ አማካሪ የነበረ ሰው ይገኛል። ስሙ ሰር ኧርነስት ካሰል ይባላል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፥ ዓ.ም. ተብለው ካልተለዩ በቀር፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አይሁዳዊ ሆኖ ተወልዶ ክርስትናን የተቀበለ፥ ከዚያም ለባዕድ ነገሥታት ገንዘብ የሚያቀርብ ሰው በአውሮፓ ታሪክ አዲስ አልነበረም። በ1492 የስፔን ነገሥታት አይሁድ ወይ እንዲጠመቁ ወይ ከአገር እንዲወጡ ባወጁ ጊዜ የተጠመቁት ‹ኮንቬርሶ› በመባል ታወቁ። ወደ ፖርቱጋል የሸሹትም በ1497 በግድ ተጠምቀው ‹አዲስ ክርስቲያን› የሚል ስም ወጣላቸው። ስሙ አዲስ ቢሆንም ጥርጣሬው አሮጌ ነበር። እነዚህ ሰዎች ርስት ሳይሆን ዝምድና ነበራቸው፤ አንዱ በሊዝበን፥ አንዱ በአንትወርፕ፥ አንዱ በአምስተርዳም ስለሚኖር በአንዱ ከተማ የተጻፈው የክፍያ ወረቀት በሌላው ከተማ ገንዘብ ያወጣ ነበር። በ1627 የስፔኑ ንጉሥ ፊልጶስ 4ኛ ለጄኖቫ አበዳሪዎች የሚከፍለውን ባቋረጠ ጊዜ የጦሩን ደመወዝ እንዲያቀርቡ የተጠሩት የፖርቱጋል አዲስ ክርስቲያኖች ነበሩ። ዘውዱ ገንዘባቸውን በአንድ እጁ ሲቀበል፥ የሃይማኖት ፍርድ ቤቱ በሌላው እጅ ዘመዶቻቸውን ይመረምር ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ ላግባ። በአገራችንም ጥምቀትና ሀብት ተያይዘው የታዩበት ዘመን ነበር። በትውፊት ለዐፄ ይስሐቅ በሚሰጠው ዐዋጅ፥ በአሥራ አምስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፥ ከቤተ እስራኤል ወገን የተጠመቀው ርስት እንዲወርስ፥ ያልተጠመቀው ከርስቱ እንዲነቀል ተደረገ ይባላል። ርስት ያጣው ወደ አንጥረኛነት፥ ወደ ሸክላ ሥራና ወደ ሽመና ዞረ። በአውሮፓ መሬት የተከለከለው ወደ ገንዘብ ንግድ የሄደውን ያህል፥ በእኛ አገር መሬት የተነፈገው ወደ እጅ ጥበብ ሄደ። በዚህ ምክንያት ለዘውድ የሚያበድር አገር በቀል ኮንቬርሶ በታሪካችን አናገኝም፤ ቢመጣም ከውጭ ነበር የሚመጣው።

ካሰል በ1852 ተወለደ። በአሥራ ስድስት በአሥራ ሰባት ዓመቱ እንግሊዝ አገር ገብቶ በሊቨርፑል የእህል ነጋዴዎች ዘንድ በጸሐፊነት ተቀጠረ፤ ቀጥሎም በፓሪስ በአንግሎ ኢጂፕሽያን ባንክ ሠራ። በ1870 የፈረንሳይና የፕሩሲያ ጦርነት ሲነሣ ጀርመናዊ በመሆኑ ፓሪስን ለቆ ለንደን ገባና በቢሾፍሻይምና ጎልድሽሚት የባንክ ቤት ሥራ ያዘ። እንግዲህ ወደ ለንደን የወሰደው ጦርነት ነው ማለት ይቻላል። በ1878 አኔት ማክስዌል የምትባል እንግሊዛዊት ካቶሊክ አገባ፤ የእንግሊዝ ዜግነትም ያገኘው በዚያው ጊዜ ነው። ሚስቱ በ1881 በሳንባ ነቀርሳ ሞተች። ካሰል ለእርስዋ ምኞት ብሎ የካቶሊክን ሃይማኖት ተቀብሎ ነበር፤ ነገሩን ግን ለሃያ ዓመት ያህል ለማንም ሳያወራ ኖረ። በ1902 የንጉሡ ምክር ቤት አባል ሆኖ በሚምልበት ዕለት ሁሉም በብሉይ ኪዳን ላይ እንዲምል ሲጠብቀው፥ እርሱ የካቶሊክ መጽሐፍ ቅዱስ እንዲሰጠው ጠየቀ። ወዳጆቹ የተለወጠውን ሃይማኖቱን ያወቁት በዚያን ጊዜ ነው። ከስፔን ኮንቬርሶዎች ጋር የሚለየውም በዚህ ነው፤ እነርሱ በውጭ ክርስቲያን እየተባሉ አይሁድነታቸውን ደበቁ ተብለው ሲከሰሱ፥ ካሰል በውጭ አይሁዳዊ እየተባለ ክርስትናውን ደበቀ።

የገንዘብ ሥራው የተስፋፋው በጦርነት ማግሥት በተዳከሙ መንግሥታት ዙሪያ ነው። ቻይና በ1894 እና በ1895 በጃፓን ተሸንፋ ከባድ የጦር ካሣ በተጫነባት ጊዜ ለንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የ1 ሚሊዮን ፓውንድ ብድር በ6 በመቶ ወለድ ያዘጋጀው ካሰል ነበር። የተሸነፈ ዘውድ ጊዜ የለውም፤ የታዘዘውን ካሣ በቀኑ መክፈል አለበትና በዋጋ አይከራከርም።

የግብፅ ጉዳይ ከዚህ ይልቅ የተወሳሰበ ነው። ግብፅ በ1876 ዕዳዋን መክፈል አቅቷት ገቢዋ በአውሮፓ አበዳሪዎች የዕዳ ኮሚሽን ቁጥጥር ሥር ወደቀ፤ በ1882 ደግሞ የእንግሊዝ ጦር ገባባት። በ1898 የእንግሊዝና የግብፅ ጦር ወደ ኦምዱርማን ሲገሠግሥ የካይሮ ግምጃ ቤት ለአዲስ ሥራ የሚያወጣው ገንዘብ አልነበረውም። ካሰል በዚያው ዓመት አንድ መላ አቀረበ። አስዋን ላይ የሚሠራውን ግድብና አስዩት ላይ የሚሠራውን የውሃ መቀልበሻ ጆን ኤርድ የተባለው የሥራ ተቋራጭ ይሠራል፤ ሥራው እስኪያልቅ ተቋራጩን ካሰል ይከፍላል፤ የግብፅ መንግሥት ግን እስከ 1903 አንዲት ፒያስትር አያወጣም። ከዚያ በኋላ በየስድስት ወሩ 78,613 ፓውንድ እየከፈለ ስድሳ ጊዜ ይከፍላል። ድምሩ 4,716,780 ፓውንድ ይሆናል፤ የሥራው የውል ዋጋ ደግሞ 2 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ነበር። በመጀመሪያ እይታ አራጣ ይመስላል። ነገር ግን ክፍያው ሥራው ካለቀ በኋላ መጀመሩንና ሠላሳ ዓመት መፍጀቱን ቆጥሮ የሚያሰላ ባልደረባ፥ ወለዱ ከ5 በመቶ ጥቂት ከፍ ቢል እንጂ ብዙ እንደማይርቅ ያያል። የዘዴው ብልኀት ከወለዱ ይልቅ ከመያዣው ላይ ነው። የግብፅን ገቢ አስቀድሞ እንግሊዞች ይቆጣጠሩት ስለ ነበር ካሰል ሌላ ዋስ መፈለግ አላስፈለገውም።

በዚያው በ1898 ሰኔ ወር የግብፅ ብሔራዊ ባንክ በ1 ሚሊዮን ፓውንድ ካፒታል ተቋቋመ። ግማሹን ካሰል፥ የቀረውን ግማሽ ራፋኤል ሱዋሬስና የእስክንድርያው ግሪካዊ ነጋዴ ሳልቫጎ አዋጡ። የሱዋሬስ ቤተሰብ ከስፔን ከተሰደዱት አይሁድ ዘር ነው፤ በጣልያኗ ሊቮርኖ በኩል አልፎ በግብፅ የሰፈረ ሲሆን ሃይማኖቱን አልለወጠም። ስለዚህ በአንድ ባንክ መሥራቾች መካከል አንዱ የተጠመቀ፥ ሌላው የአባቶቹን ሃይማኖት ይዞ የቆየ ጎን ለጎን ተቀምጠው እናገኛለን። ባንኩ የግብፅን የወረቀት ገንዘብ የማውጣት መብት ተሰጠው። ግድቡም በታኅሣሥ 1902 ተመረቀ።

ይህ ሁሉ ለእኛ ምናችን ነው የሚል አንባቢ ካለ ካርታ ይዘርጋ። በአስዋን የተገደበው ውሃ አብዛኛው ከአባይ የሚወርድ ነው፤ አባይም ከአገራችን የሚወጣው በመተከልና በቤኒሻንጉል መካከል አድርጎ ነው። ከቻግኒ ተነሥቶ ግልገል በለስን፥ ቀጥሎም የዳንጉር ወረዳ ከተማ የሆነችውን ማንቡክን አልፎ ወደ ጉባ የሚዘልቀው መንገድ ወደ ወንዙ የሚያደርስ ነው። የግብፅ ገዥዎች በዚህ አካባቢ ላይ ዐይናቸውን የጣሉት ካሰል ከመወለዱ በፊት ነው። መሐመድ ዐሊ ፓሻ ከ1820 ጀምሮ ሱዳንን የወረረበት አንዱ ምክንያት የፋዙግሊና የቤኒሻንጉል ወርቅ ነበር፤ በ1838 መጨረሻ ላይ በስተርጅና ዕድሜው እርሱ ራሱ እስከ ፋዙግሊ ድረስ መጥቶ ወርቁን አስፈልጓል። ያሰበውን ያህል አላገኘም። ከዐድዋ ድል በኋላ፥ በ1898፥ የራስ መኰንን ጦር ቤኒሻንጉልን ለምኒልክ መንግሥት አስገበረ፤ የአሶሳው ሼኽ ኾጀሌ አል ሐሰንም ከእስር በኋላ የአካባቢው ዋና ገዥ ሆነው ለአዲስ አበባ ወርቅ ሲገብሩ ኖሩ።

ወሰኑ የተወሰነው በግንቦት 1902 (1894 ዓ.ም.) ዐፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል ነው። በዚያ ውል ሦስተኛ አንቀጽ ንጉሠ ነገሥቱ የአባይን፥ የጣናን ወይም የሶባትን ውሃ ወደ ናይል እንዳይወርድ የሚያግድ ሥራ ከእንግሊዝና ከሱዳን መንግሥት ጋር ሳይስማሙ እንዳይሠሩ ቃል ገቡ። ውሉ የተፈረመው የአስዋን ግድብ ከመመረቁ ሰባት ወር ቀደም ብሎ ነው። ካሰል ያበደረው ገንዘብ የሚመለሰው ውሃው እስከወረደ ድረስ ነበር። ይህን ስል አንቀጹን ያስጻፈው ካሰል ነው ማለቴ አይደለም፤ የናይል ጉዳይ ለእንግሊዝ መንግሥት ከአንድ የባንክ ሰው እጅግ የሰፋ ጉዳይ ነበር። ነገር ግን ለአስዋን የተበደረው መንግሥትና የላይኛውን ውሃ በውል ያሰረው መንግሥት በአንድ እጅ ይመሩ እንደ ነበር ሊዘነጋ አይገባም። በጉባ የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ መሠረት መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ሲጣል ያ ውል ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖት ነበር። ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። ለግንባታውም የለንደን አበዳሪ አልተፈለገም፤ ከመንግሥት በጀት ሌላ የመምህሩ፥ የወታደሩና የነጋዴው ቦንድ ገብቶበታል።

አሁን ወደ አዲስ አበባ እንመለስ። ዐፄ ምኒልክ ከባዕድ የመበደርን ነገር በ1905 የጀመሩት አልነበረም። የውጫሌን ውል ተከትሎ ደጃዝማች መኰንን በጣልያን አገር በ1889 በተፈራረሙት ተጨማሪ ስምምነት የ4 ሚሊዮን ሊሬ ብድር ነበረበት፤ መያዣውም የሐረር ጉምሩክ ገቢ ነበር። ዕዳው ባይከፈል ሐረርጌ ራሷ በአበዳሪው እጅ ልትወድቅ የምትችልበት ሐረግ ተጽፎበታል። ንጉሠ ነገሥቱ የውጫሌውን ውል ተንኰል ከተረዱ በኋላ በዚያ በክፉው ቀን፥ ከብቱ ባለቀበትና ሕዝቡ በተራበበት ዘመን፥ ያንን ብድር ከፍለው ጨረሱ። ስለ ዐድዋ በምናወራበት ጊዜ የማይወሳ ነገር ቢኖር ይህ ነው፤ ጦርነቱ የተገጠመው ከዕዳው ነጻ ከተወጣ በኋላ ነበር።

ከድሉ በኋላም ገንዘብ የፈሰሰው በተለመደው አቅጣጫ አልነበረም። ቻይና ተሸንፋ ከካሰል ስትበደር፥ ኢትዮጵያ አሸንፋ በጥቅምት 1896 ከተፈረመው የአዲስ አበባ ውል በኋላ ለእስረኞች ማቆያ ወጪ 10 ሚሊዮን ሊሬ ከጣልያን ተቀበለች። እንግዲህ የካይሮው ባንክ ወኪል ወደ አዲስ አበባ ሲመጣ ያገኘው የተቸገረ ዘውድ አልነበረም። ለተሸነፈ ዘውድ ብድር ይዘውለት ይመጣሉ፤ ያሸነፈውን ግን ፈቃድ ሊለምኑት ይመጣሉ። የአቢሲንያ ባንክ ውል በዚህ ዐይን መነበብ አለበት ብዬ አምናለሁ።

ውሉን በመጋቢት 1 ቀን 1897 ዓ.ም. ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር የተፈራረመው የግብፅ ብሔራዊ ባንክ ወኪል ማክጊሊቭሬይ ነው። ባንኩ ለ50 ዓመት ሌላ ባንክ እንዳይቋቋም ብቸኛ መብት ተሰጠው። የወረቀት ገንዘብ ማተምና ብር ማስቀረጽ፥ የመንግሥትን ገንዘብ ማስቀመጥ፥ ለሕንጻና ለመጋዘን የሚሆን መሬት ያለ ዋጋ ማግኘት ሁሉ ተፈቀደለት። በለውጡ ከትርፉ 20 በመቶ ለኢትዮጵያ መንግሥት እንዲሰጥ ተወሰነ። ከካፒታሉ መጀመሪያ የተከፈለው አንድ አምስተኛው ብቻ ሲሆን የቀረው በለንደን፥ በፓሪስና በኒው ዮርክ በአክሲዮን ሽያጭ እንዲሰበሰብ ታሰበ። የካቲት 9 ቀን 1898 ዓ.ም. ባንኩን ዐፄ ምኒልክ መርቀው ከፈቱት።

ብዙዎች ይህን ውል ሲነቅፉ ሃምሳ ዓመት ብቸኛ መብት መስጠት ምን ይባላል ይላሉ። ነቀፌታው እውነት አለው። በዚያው በ1906 ታኅሣሥ እንግሊዝ፥ ፈረንሳይና ጣልያን ኢትዮጵያን ሳያማክሩ በጥቅም ክልል የተከፋፈሉበትን ስምምነት ተፈራርመዋል፤ እንግሊዝም በእርሱ ውስጥ የናይልን ተፋሰስ ለራስዋ ጠብቃለች። ባንኩ ከዚህ የፖለቲካ መረብ ውጭ ነበር ማለት አይቻልም። ሆኖም በባንኩ ውልና በ1889 ብድር መካከል ያለው ልዩነት ለሒሳብ ሰው ግልጽ ነው። በቀድሞው አንድ ጠቅላይ ግዛት መያዣ ሆኗል፤ በኋለኛው የተሰጠው የንግድ መብት ነው። ባንኩ ቢከስር የሚከስረው ባለአክሲዮኑ እንጂ ሐረር አልነበረችም። የግብፅ ኬዲቭ በዕዳ ምክንያት ያጣውን ምኒልክ አላጡም።

ዋጋውም የሚታይ ነበር። አስዋን ላይ ካሰል ድንጋይ በድንጋይ ላይ እንዲቆም ያደረገው የሚይዘው ገቢ ስለ ነበር ነው። አዲስ አበባ ላይ ግን መያዣ ስላልነበረ የረጅም ጊዜ ገንዘብ አልመጣም፤ የመጣው የገንዘብ ሣጥንና የሒሳብ መዝገብ ነው። ባንኩ የመንግሥትን ሒሳብ ይይዝ፥ ለቡና፥ ለቆዳና ለሰም ነጋዴ ጥቂት ብድር ይሰጥ ነበር። ቅርንጫፎቹም የንግዱን መንገድ ተከትለው በሐረርና በድሬዳዋ፥ በምዕራብ በኩል ደግሞ በጎሬና በደምቢዶሎ ተከፈቱ፤ በባሮ ወንዝ ወደ ሱዳን ለሚወርደው ቡና በጋምቤላ ወኪል ነበረው።

የዕለት ሥራውን ከባድ ያደረገው ብሩ ራሱ ነው። የማርያ ቴሬዛ ብር 28 ግራም ይመዝናል፤ ሁለት ሺህ ብር ከሀምሳ ኪሎ በላይ ስለሚሆን ከዋና ከተማ ውጭ ገንዘብ ማዛወር ማለት በቅሎ መጫን፥ ጠባቂ መቅጠርና ክረምቱ እስኪያልፍ መጠበቅ ማለት ነበር። በዚያ ላይ የብሩ ዋጋ በዓለም ገበያ ከብር ማዕድን ጋር እየወጣ እየወረደ ለነጋዴው አስቸጋሪ ሆነ። የወረቀት ገንዘብ በ1915 ታትሞ ባለ 5፥ ባለ 10፥ ባለ 100 እና ባለ 500 ብር ኖት ቢወጣም፥ ገበሬው ወረቀቱን ትቶ የንግሥቲቱን መልክ የያዘውን ብር ይመርጥ ነበር። በገጠሩ ደግሞ ለአነስተኛው ግብይት አሞሌው ገና አልተሻረም። እስከ 1914 ድረስ የማቋቋሚያው ወጪ ትርፍ እንዲታይ አላደረገም።

ቤተ መንግሥቱም ባንኩን በአንድ ዐይኑ ብቻ አልተመለከተውም። በ1908 የእርሻና የንግድ ማስፋፊያ የሚሆን ሌላ ብሔራዊ ማኅበር ተቋቋመ። ሃምሳ ዓመት ብቸኛ ነህ ብሎ ፈርሞ በሦስተኛው ዓመት ሌላ ማቋቋም ለካይሮ ባለአክሲዮኖች ደስ የሚል ነገር አልነበረም። እኔ ግን በዚህ ውስጥ የምኒልክን የተለመደ የፖለቲካ ስልት አያለሁ፤ አንዱን የውጭ ሰው በሌላው መመዘን በመሣሪያ ግዢም በምድር ባቡርም ያሳዩት ነገር ነው።

ካሰልን በተመለከተ፥ ለነገሥታት ያደረገው ውለታ ከጥርጣሬ አላዳነውም። ንጉሥ ኤድዋርድ በ1910 ሞተ። የአንደኛው ዓለም ጦርነት ሲነሣ በጀርመን አገር በመወለዱ የአገር ጠላት የሚሉት በዙ፤ በ1915 ለእንግሊዝ ታማኝ መሆኑን በጋዜጣ ለመጻፍ ተገደደ። በውጭ አገር የተወለደ ሰው የንጉሥ ምክር ቤት አባል መሆን አይገባውም ተብሎ ከሌላው የባንክ ሰው ከኤድጋር ስፓየር ጋር ፍርድ ቤት ቀረበበት፤ ክሱ ግን ውድቅ ሆነ። ክርስትናው ቢታወቅም ‹አይሁዳዊው ጀርመን› መባሉ አልቀረም። በመስከረም 1921 ሲሞት ከ7 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ የሚገመት ሀብት ትቶ ነበር።

የአቢሲንያ ባንክ ከእርሱ በኋላ አሥር ዓመት ኖረ። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በነገሡ ማግሥት ከግብፅ ብሔራዊ ባንክ ጋር ተነጋግረው፥ ከሃምሳው ዓመት ገና ግማሹ እንዳለፈ፥ መብቱን በገንዘብ መልሰው ገዙት። በነሐሴ 1931 የኢትዮጵያ ባንክ በ750,000 ፓውንድ ካፒታል ተቋቋመ፤ የቀድሞው ባንክ ሰው ኮሊየርም በገዥነት ቀጠሉ። ውሉ እስከ መጨረሻው ቢጠበቅ ኖሮ የካይሮው ባንክ ብቸኛ መብት እስከ 1955 ይዘልቅ ነበር። አስዋን ላይ ግን የሚያሳጥር ሰው አልተገኘም፤ ከስድሳዎቹ ክፍያዎች በውሉ መሠረት የመጨረሻው የሚደርሰው በ1933 ነበር።